ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀው የተፋጠነ የነርሲንግ ትምህርት፦ የተከፈለበትን ያህል ነውን?

በአሜሪካ በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ወደ ነርስነት ለማሸጋገር የሚሰጠው የተፋጠነ ትምህርት፣ በተማሪዎች ዘንድ «ኤቢኤስኤን» እየተባለ የሚጠራው፣ አራት ዓመት የሚወስደውን የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ እንደየትምህርት ቤቱ ከ11 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ያስጨርሳል። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ከጀመረው ወዲህ በየግዛቱ ተስፋፍቶ ዛሬ ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች ይሰጡታል። ተማሪው እንግሊዝኛውን፣ ሂሳቡን፣ ታሪኩንና ሌሎቹን የጋራ ኮርሶች በመጀመሪያው ዲግሪው ስለጨረሰ የሚቀሩት የነርሲንግ ኮርሶች ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ረጅም ዕረፍት ሳይኖረው አከታትሎ ይወስዳል። እኔ በአገር ቤት በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ እዚህ መጥቼም ለዓመታት በሌላ ሥራ ከቆየሁ በኋላ፣ በአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ የ16 ወሩን መርሐ ግብር ተከታትዬ ጨርሻለሁ፤ አሁን ፈቃዴን ይዤ በሆስፒታል እየሠራሁ እገኛለሁ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱም ያየሁበት ጥንካሬም ሆነ ድክመት በዚህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ዘንድ የተለመደ መሆኑን በሌላ ቦታ ከተማሩ የሥራ ባልደረቦቼ ተረድቻለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ትምህርቱ ዋጋ ያለው ነው፤ ነገር ግን ማስታወቂያው የሚያጎላው ፍጥነቱን ሲሆን፣ ተማሪው በገንዘቡ የሚገዛው ዋናው ነገር ሆስፒታል ውስጥ የሚያገኘው የልምምድ ቦታና በዚያ አጠገቡ የሚቆመው መምህር ነው። የክፍል ትምህርቱን ከመጽሐፍና ከበይነ መረብ በጥሩ ሁኔታ ማግኘት ይቻላል፤ የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚያርም መምህርን ግን በሌላ መንገድ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶችን የሚያነጻጽር ሰው ከወራቱ ቁጥር ይልቅ ይህን መመዘን ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ግን ስለ ወራቱ ልናገር፤ ምክንያቱም በማስታወቂያው ላይ የሚታየው 16 ወር የሚቆጠረው ቅድመ ሁኔታ የሆኑት ኮርሶች ካለቁ በኋላ ነው። እነዚህም በአብዛኛው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት ከነላቦራቶሪያቸው፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሥነ ምግብ እና የሰው ልጅ ዕድገት ሥነ ልቦና ናቸው። አናቶሚ ሁለትን ለመውሰድ አናቶሚ አንድን ማለፍ ስለሚያስፈልግ፣ በአንድ መንፈቅ ሁሉንም ጨርሶ መውጣት አይቻልም፤ ሥራ እየሠራ የሚማር ሰው ደግሞ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። በአገር ቤት በማኔጅመንት፣ በአካውንቲንግ ወይም በሕግ የተመረቀ ሰው ከዚህ ሁሉ ስታቲስቲክሱ ቢያዝለት ነው። ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ የተማረ ሰው የተሻለ ዕድል ቢኖረውም፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች አምስት ወይም ሰባት ዓመት ያለፈውን የሳይንስ ኮርስ ስለማይቀበሉ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የተመረቀ ሰው እንደገና መቀመጡ አይቀርም። ኮርሶቹን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መውሰድ እጅግ ይረክሳል። የእኔ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ አማካሪዎች፣ በጨዋነታቸው ባላማርርም በመደወል ግን የማይታክቱ ሰዎች፣ እነዚያኑ ኮርሶች ከእነሱው ዘንድ በብዙ እጥፍ ዋጋ እንድወስድ ደጋግመው ይመክሩኝ ነበር፤ ይህን ምክር አለመቀበል ተገቢ ነው። ሆኖም ትምህርት ቤቱ በርቀት የተወሰደ ላቦራቶሪን ይቀበል እንደሆነ ከመመዝገብ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሁሉም አይቀበሉምና።

በውጭ አገር ለተማረ ሰው ሌላ አንድ ደረጃ አለ። የአገር ቤቱ ትራንስክሪፕት እንደ ደብሊውኢኤስ ባለ፣ የናሴስ (የሰነድ ገምጋሚዎች ማኅበር) አባል በሆነ ድርጅት ኮርስ በኮርስ ተገምግሞ ወደ አሜሪካ ውጤት መቀየር ይኖርበታል። ለዚህም የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሰነዱን ራሱ መላክ ስላለበት፣ ጉዳዩን እዚያው ሆኖ የሚከታተል ዘመድ ወይም ወዳጅ የሌለው ሰው ብዙ ሊጠብቅ ይችላል። ከሁሉ በፊት መጀመር ያለበት ይህ ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች 3.0 አማካይ ውጤት ስለሚጠይቁ፣ ግምገማው ከመምጣቱ በፊት የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ መጀመር በጭፍን መሄድ ይሆናል። በነገራችን ላይ፣ በአገር ቤት ነርሲንግን ራሱን የተማረ ሰው ይህ መርሐ ግብር አይመለከተውም፤ እሱ ሰነዱን የውጭ አገር ነርሶችን ሰነድ በሚመረምረው፣ አሁን ትሩሜሪት በሚባለው በሲጂኤፍኤንኤስ አስገምግሞ በግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ በቀጥታ ለፈተና የሚቀርብበት መንገድ አለው። ይህን ሳያውቁ እንደገና ከዜሮ የጀመሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ከቅበላ በኋላ የሚጠየቁት የጤናና የደኅንነት ሰነዶች በራሳቸው ከባድ አይደሉም፦ የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ፣ የአደገኛ ዕፅ ምርመራ፣ የመጀመሪያ የሕይወት አድን ሥልጠና ካርድ፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የኩፍኝና የጉድፍ መከላከያ ማረጋገጫ። አንዱ ግን ለእኛ ሰው ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። በሕፃንነቱ የቢሲጂ ክትባት የተከተበ ሰው በክንድ ቆዳ ላይ በሚወጋው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ፣ በሽታው ሳይኖርበት ክንዱ ሊያብጥና «ተይዟል» ሊባል ይችላል፤ ከዚያም ወደ ኤክስሬይና ወደ ተጨማሪ ቀጠሮ ይላካል፤ በዚህ መሃል የልምምድ መጀመሪያው ቀን ሊያልፍበት ይችላል። ኳንቲፌሮን የሚባለው የደም ምርመራ ግን በቢሲጂ ስለማይሳሳት፣ ከመጀመሪያው እሱ እንዲታዘዝ መጠየቅ ይሻላል።

ወደ ትምህርቱ ስንገባ፣ የእኛ መርሐ ግብር የክፍል ትምህርቱን በበይነ መረብ፣ የእጅ ሥራውን በላቦራቶሪ፣ ልምምዱን ደግሞ በሆስፒታል የሚሰጥ ነበር። የተቀዱት ትምህርቶች ከመካከለኛ በላይ አይሄዱም፤ አንዳንዶቹ ስላይዱን ቃል በቃል ከማንበብ ያለፈ ነገር የላቸውም፤ የከፈልነውን ገንዘብ ሳስብ ይህ ያሳዝነኛል። ጥያቄ ለመጠየቅ የተመደቡት ሰዓቶች ግን ጠቃሚ ነበሩ። ላቦራቶሪው በደንብ የተደራጀ ሲሆን፣ የሽንት ቱቦ ማስገባትን፣ ቁስል ማሸግንና ደም ሥር ማግኘትን በማኒኪን ላይ እየደጋገምን እንድንለማመድ ከመደበኛው ሰዓት ውጭም ይከፈትልን ነበር። ከባዱ የመጀመሪያው መንፈቅ ነው። ፓቶፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ፣ የአካል ምርመራና መሠረታዊ ነርሲንግ በአንድ ላይ ይወርዳሉ፤ በመደበኛው ትምህርት በሁለት መንፈቅ የሚከፋፈለው ነገር በአንዱ ስለሚያልቅ፣ በሳምንት ሁለት ፈተና መቀመጥ የተለመደ ነው። ማለፊያው 77 በመቶ ነበር፤ ቁጥሩ ወደ ላይ አይጠጋጋም፤ 76.9 ያገኘ ሰው ወድቋል ማለት ነው፤ ሁለት ኮርስ የወደቀ ደግሞ ይሰናበታል። በአገር ቤት «ሲ» አግኝቶ ማለፍን ለምዶ ለመጣ ሰው ይህ ያስደነግጣል። የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተናው ከዚህም የጠበቀ ነው፤ 90 በመቶ ያላገኘ ተማሪ በሆስፒታል መድኃኒት መስጠት አይፈቀድለትም ነበር። ይህን ጥብቅነት አልቃወመውም፤ የአሥርዮሽ ነጥብ አቀማመጥ ተሳስቶ አሥር እጥፍ ኢንሱሊን ቢሰጥ ምን እንደሚደርስ ማንም ያውቀዋል።

ብዙ አበሻ ተማሪዎችን የሚጥለው ግን የትምህርቱ ብዛት አይደለም፤ ብዛቱን እንችለዋለን፤ በሽምደዳ ያደግን ነንና። የሚጥለው የጥያቄው ዓይነት ነው። አራቱም ምርጫዎች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚጠየቀው የትኛው እንደሚቀድም ነው። ለምሳሌ፣ ፈረቃ የተረከበች ነርስ አራት ታካሚዎች አሏት፦ አንደኛው ትናንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሕመሙን ከአሥር ስምንት ብሎ የሚናገር፤ ሁለተኛው የስኳር መጠኑ 190 የሆነ የስኳር ሕመምተኛ፤ ሦስተኛው ቤተሰቦቹ ተቆጥተው ኃላፊ የሚጠሩ አዛውንት፤ አራተኛዋ ከአንድ ሰዓት በፊት ደረቷ ሲያፏጭ የነበረ፣ አሁን ግን ድምፁ የጠፋና የደከማት የአስም ሕመምተኛ። ማንን ቀድማ ትያለች? በልቡ ርኅራኄ የሚመራው ሰው የሚጮኸውን ሕመምተኛ ይመርጣል፤ ቃሉን ብቻ የሸመደደው ደግሞ «ፉጨቱ ጠፍቷል፣ ተሽሏታል» ብሎ አራተኛዋን ያልፋታል። መልሱ እሷ ናት፤ ድምፁ የጠፋው አየር መግባትና መውጣት ስላቆመ ነው። ይህን ዓይነት አስተሳሰብ ለመልመድ ብቸኛው መንገድ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጥያቄ መሥራትና የተሳሳቱበትን ብቻ ሳይሆን ትክክል የመለሱበትንም ማብራሪያ ማንበብ ነው። በዚህ ረገድ ትምህርት ቤቱ የሰጠን የልምምድ ጥያቄ ቋት ጥሩ ነበር፤ ቢሆንም አብዛኞቻችን በራሳችን ወጪ ዩወርልድ የተባለውን ሌላ የጥያቄ ቋት ጨምረናል።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልግባ፤ ይህን ትምህርት የምመዝነው በዚህ ነውና። ስምንት ወይም አሥር ተማሪዎች በአንድ መምህር ሥር ሆነን በየክፍሉ እንመደብ ነበር፦ በውስጥ ደዌና በቀዶ ሕክምና፣ በወሊድ፣ በሕፃናት፣ በአእምሮ ጤና እና በማኅበረሰብ ጤና። ከሁሉ የተጠቀምኩት በልብ ሕሙማን ክፍል ለብዙ ዓመታት ከሠሩ አንዲት መምህርት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ለአንድ አዛውንት ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒትና ፉሮሰማይድ የሚባለውን የሽንት ማሸኛ ልሰጥ የመድኃኒቱን ጋሪ አጠገብ ቆሜያለሁ። መጽሐፉ እንደሚለው የልብ ምታቸውን በስቴቶስኮፕ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጥሬ፣ ከ60 በላይ መሆኑን አረጋግጬ፣ ስማቸውንና የልደት ቀናቸውን ከእጅ አምባራቸው ጋር አመሳክሬ ነበር። መምህርቷ ክኒኑን ሳላወጣ የጠዋቱን የደም ምርመራ ማየቴን ጠየቁኝ። ከፈትነው፤ ፖታሲየሙ 3.1 ነበር፤ ጤናማው ከ3.5 እስከ 5.0 መሆኑን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ፉሮሰማይድ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ ዲጎክሲን በተለመደው መጠን እንኳ መርዝ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ነገሮች ለየብቻቸው ለፈተና ጽፌ ነጥብ አግኝቼባቸው ነበር፤ አንድ ላይ ያየኋቸው ግን እዚያ ጋሪ አጠገብ ነው። ሐኪሙ ተጠሩ፤ መድኃኒቱ ቆየ፤ ፖታሲየም ታዘዘ። መምህርቷም ሳይቆጡ፣ ወደ ሐኪሙ የምደውለው እኔ እንደሆንኩና ምን ብዬ እንደምጀምር አስቀድሜ በወረቀት ላይ እንዳሰፍር ነገሩኝ።

ሁሉም ልምምድ እንዲህ አልነበረም። በሌላ ክፍል የተመደቡልን መምህር ጠዋት አስፈርመውን ከጠፉ በኋላ የምናያቸው በመውጫ ሰዓት ነበር፤ የክፍሉ ነርሶችም ሥራ ስለበዛባቸው አልጋ እንድናነጥፍና ታካሚ እንድናገላብጥ ከማዘዝ ያለፈ ጊዜ አልነበራቸውም። አልጋ ማንጠፍ የሚያስንቅ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም ከመካከላችን በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) ለዓመታት የሠሩ እኅቶች ይህንኑ ለመማር ያን ያህል ገንዘብ መክፈላቸው ቢያበሳጫቸው አይፈረድባቸውም። የምደባው ዝርዝርም ሁልጊዜ በመጨረሻው ሰዓት ይመጣ ነበር፤ ልጅ ማን እንደሚያደርስና ማን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ማቀድ ላለበት ወላጅ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከቤቱ ከአንድ ሰዓት በላይ በሚርቅ ሆስፒታል እንዲገኝ ከጥቂት ቀናት በፊት መንገር ተገቢ አይደለም። የሕፃናት ክፍል ልምምዳችን ከፊሉ ቦታ ስላልተገኘ በሲሙሌሽን (በማስመሰል በሚደረግ ልምምድ) ተተክቷል። ይህ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ በደንብ የተዘጋጀ ሲሙሌሽን እስከ ግማሽ የሚደርሰውን የልምምድ ሰዓት ሊተካ እንደሚችል አሳይቷል። ቁም ነገሩ «በደንብ የተዘጋጀ» የሚለው ላይ ነው፤ የእኛው አንዳንድ ቀን በኮምፒውተር ላይ ምናባዊ ታካሚ መጫን ብቻ ሆኖ ቀርቷል። በመጨረሻው መንፈቅ ከአንድ ልምድ ያለው ነርስ ጋር ብቻ ለብቻ ሆነን የ12 ሰዓት ፈረቃ የሠራንበት ጊዜ ግን ጉድለቱን በከፊል ክሶታል፤ ከዚያ በፊት አንድ ታካሚ ይዤ ነበር፤ በዚያ ጊዜ አራት መያዝን ተምሬያለሁ።

ስለ ክፍያ። በግል ዩኒቨርሲቲ ይህ ትምህርት ከ50,000 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ ነዋሪ በጣም ይቀንሳል፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ የሚሰጠው ባችለር ዲግሪ ለሌለው ሰው ብቻ ሲሆን፣ በውጭ አገር የተገኘ ባችለር ዲግሪም እንደ ዲግሪ ይቆጠራል፤ ስለዚህ «ዲግሪዬ የአገር ቤት ስለሆነ አይታወቅም» ብሎ ማሰብ ስሕተት ብቻ ሳይሆን፣ በፋፍሳ (በፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው) ላይ ዲግሪ የለኝም ብሎ መሙላት በሐሰት መግለጫ ያስጠይቃል። የሚቀረው የፌዴራል ብድር ነው፤ ራሱን ለሚያስተዳድር የባችለር ተማሪ በጠቅላላው ከ57,500 ዶላር አይበልጥም፤ ከመጀመሪያው ዲግሪ የተረፈ ያልተከፈለ ብድር ካለም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። በዓመት የሚፈቀደው መጠን ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ቀሪው ከግል አበዳሪ፣ ከቁጠባ ወይም ከእቁብ መምጣቱ ነው። ዜጋ የሆነ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን የነርስ ኮር ስኮላርሺፕን ሳያመለክት መቅረት የለበትም፤ ይህ የፌዴራል ፕሮግራም የትምህርት ክፍያንና የኪስ ገንዘብን ሸፍኖ፣ በለውጡ ቢያንስ ሁለት ዓመት የነርስ እጥረት ባለበት ተቋም ማገልገልን ይጠይቃል። ተበድሮ የተማረም ቢሆን በተመሳሳይ ሁኔታ ሁለት ዓመት ሲያገለግል 60 በመቶው፣ ሦስተኛ ዓመት ሲጨምር ሌላ 25 በመቶው የሚከፈልበት የብድር ክፍያ ፕሮግራም አለ፤ ሁለቱም በውድድር የሚገኙ መሆናቸው ግን መታወስ አለበት።

ከትምህርት ክፍያው የማይተናነሰው ወጪ የሚቀርበት ደመወዝ ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪው ባይሠራ እንደሚሻል ይመክራል፤ ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ ያለበትና አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው ከሥራ ውጭ 16 ወር እንዴት እንደሚቆይ ማንም አያስረዳም። ከእኛ ክፍል ቅዳሜና እሑድ በሲኤንኤነት እየሠሩ የጨረሱ አሉ፤ ሙሉ ሰዓት ለመሥራት የሞከሩት ግን ከመጀመሪያው መንፈቅ አላለፉም። ባልና ሚስት ተነጋግረው፣ አንዱ ሲማር ሌላው ቤቱን የሚይዝበትን ዝግጅት አስቀድመው ያደረጉ ሰዎች ከሁሉ በተሻለ እንደጨረሱ አይቻለሁ።

በዚህ ምክንያት የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን የሁለት ዓመት የነርሲንግ ዲግሪ ሳያነጻጽሩ ወደ ተፋጠነው መግባት ተገቢ አይመስለኝም። ሁለቱም የሚቀመጡት ለአንድ የፈቃድ ፈተና ነው፤ የሚያገኙት ፈቃድም አንድ ነው፤ ዋጋው ግን አይወዳደርም፤ ባችለሩንም ከዚያ በኋላ እየሠሩ፣ ብዙ ጊዜ በአሠሪው እገዛ፣ በበይነ መረብ መጨረስ ይቻላል። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ በብዙ ቦታ የመግቢያው ወረፋ ረጅም ነው፤ ትልልቅ ሆስፒታሎች ደግሞ፣ በተለይ «ማግኔት» የሚል የነርሲንግ ጥራት ማዕረግ ያላቸው፣ አዲስ ተመራቂ ሲቀጥሩ ባችለር ያለውን ያስቀድማሉ። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሕግ አዳዲስ ነርሶች በአሥር ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲያገኙ እስከ ማስገደድ ደርሷል። ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ለሆነ፣ ቁጠባ ወይም የሚደግፈው የትዳር ጓደኛ ላለውና በኋላ ወደ ነርስ ፕራክቲሽነርነት (መርምሮ መድኃኒት ወደሚያዝ ነርስነት) ለመቀጠል ላሰበ ሰው የተፋጠነውን እመርጥለታለሁ። ብቻውን ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ግን ያለ ማመንታት ኮሚዩኒቲ ኮሌጁን እመክራለሁ።

ትምህርት ቤት ሲመረጥ የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃድና የነርሲንግ ትምህርት ዕውቅና ሰጪዎቹ የሲሲኤንኢ ወይም የኤሴን ዕውቅና መኖሩን ከራሳቸው ድረ ገጽ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ እንዳይመስል፣ የፌዴራል ባለሥልጣናት በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ ከነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማዎች መሸጣቸውን ይፋ ማድረጋቸውን ማስታወስ ይበቃል፤ «ሳትማር ዲግሪ» የሚለው ወሬ በእኛም መካከል ሲዘዋወር ሰምቻለሁ። ሁለተኛው መለኪያ በመጀመሪያ ሙከራ የፈቃድ ፈተናውን የሚያልፉት ተማሪዎች በመቶኛ ሲሆን፣ ቦርዶች በየዓመቱ ያወጡታል። ይህ ቁጥር ግን ብቻውን ሊያታልል ይችላል። የእኔን ጨምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች በመጨረሻ የራሳቸውን የመውጫ ፈተና ሰጥተው፣ እሱን ያላለፈ ተማሪ እንዳይመረቅ ያዘገዩታል፤ በዚህም ደካማው ተማሪ ለዋናው ፈተና ስለማይቀርብ ቁጥሩ ያማረ ይሆናል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት አብረው ከገቡት መካከል ስንቱ በሰዓቱ እንደተመረቀ ነው። ይህን ጥያቄ ስጠይቅ የቅበላ አማካሪዬ ያን ሁሉ ስልክ እንዳልደወሉ፣ መልሱ ለመምጣት ብዙ ጊዜ ወስዷል።

ኤንክሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተና ራሱ ከሚፈራው በታች፣ ከሚናቀው በላይ ነው። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መልክ የሚሰጥ ሲሆን፣ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄዎች አሉት፤ አምስት ሰዓት ይፈቀድለታል፤ ኮምፒውተሩም በመልሱ ልክ የሚቀጥለውን ጥያቄ ያከብዳል ወይም ያቀላል፤ 85 ላይ ቢዘጋ መውደቅም ማለፍም ሊሆን ስለሚችል በቁጥሩ መደናገጥ አያስፈልግም። የአንድን ታካሚ ታሪክ ሰጥቶ ስድስት ተከታታይ ጥያቄ የሚያወጣው ክፍል፣ በልምምድ ላይ ጥሩ መምህር ያጋጠመውን ተማሪ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ያ የፖታሲየም ጉዳይ ዓይነት አስተሳሰብ የሚጠየቀው እዚህ ነው። ያላለፈ ሰው ከ45 ቀን በኋላ እንደገና መቀመጥ ይችላል።

ከፈተናው በፊት ፈቃዱን በየትኛው ግዛት እንደሚያወጡ መወሰን ያስፈልጋል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስና ኮሎራዶ የግዛቶች የነርስ ፈቃድ ስምምነት አባላት ስለሆኑ፣ በነዚህ የሚኖር ሰው በአንድ ፈቃድ በሌሎቹ አባል ግዛቶች ሁሉ መሥራት ይችላል፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ካሊፎርኒያና ሚኒሶታ ግን አባል ስላልሆኑ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖሮ ዲሲ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ለብቻው ማመልከትና መክፈል ይኖርበታል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የነርሶችን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 93,600 ዶላር አድርጎታል፤ አዲስ ተመራቂ ግን ከዚህ በታች እንደሚጀምርና ብዙ ጊዜ በሌሊት ፈረቃ እንደሚመደብ አውቆ ብድሩን ማስላት አለበት። ሆስፒታሎች አዲስ ተመራቂዎችን የሚቀበሉት በዓመት በተወሰኑ ጊዜያት በቡድን ስለሆነ፣ ማመልከቻው መግባት ያለበት ከምረቃ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ለልምምድ በሄድኩበት ክፍል የነበሩት ኃላፊ ስሜን ያውቁት ስለነበር የእኔ ጥሪ ቶሎ መጥቷል፤ ምርቃቱን ጠብቀው ማመልከት የጀመሩት የክፍል ጓደኞቼ ግን የሚቀጥለው ቡድን እስኪከፈት ድረስ ቀድሞ በነበሩበት ሥራ ላይ ቆይተዋል።